የእድሩ መኪና ተነፈሰ

የሁለት ድልድይ መረዳጃ እድር መኪና ጎማዎች ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሾፌሩ በልሳነወርቅ ድምፅ መናገር ጀመሩ።

መኪናው ኤሌክትሪክ ነው። ከኋላው ክፍት ሆኖ ድንኳን፣ ምሰሶ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና አስፈላጊ ሲሆን የሬሳ ሳጥን ይጫንበታል። ከሾፌሩ እግር ሥር ጀምሮ እስከ ኋላው ጎማ ድረስ ባትሪ ተነጥፎበታል፤ ባትሪው ብቻውን ሰባት ኩንታል ይመዝናል። ሲሄድ ድምፅ የለውም። ለቀብር የተመረጠውም ለዚህ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ኢንጂነር አምደመስቀል መኪናው የመጣ ቀን «ሐዘንተኛን አይረብሽም» ብለው በቃለ ጉባኤ አስይዘውታል።

ልሳነወርቅ እንደ ልማዱ ከመነሳቱ በፊት ጎማ ለማየት ጎንበስ አለ። የፊት ግራው ጎማ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ንፋስ ያስወጣ ነበር። ንፋስ ሲወጣ ስስስ ይላል። ይሄኛው ግን «ጭቃ ረግጠው የሚገቡት እርስዎ፣ የማጥበው እኔ» አለ። ትንሽ ቆየና «ሁልጊዜ» ብሎ ጨመረ።

ልሳነወርቅ ድምፁን አወቀው። ዓረፍተ ነገሩንም አወቀው። ባለፈው ሚያዝያ ከቀብር መልስ ለኢንጂነር ሊላቸው አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ የዋጠው ነበር። ስሙ የወርቅ ምላስ ማለት ቢሆንም፣ ልሳነወርቅ ለእድሩ ሾፌር ሆኖ በሠራበት አሥር ዓመት ውስጥ ከ«እሺ» ሌላ የተናገረውን የሚያስታውስ ሰው የለም። እሱም አያስታውስም።

መኪናውን ዞረ። የፊት ቀኙ ያጉረመርማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። የኋላ ግራው «ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው እንጂ ንጉሥ አይደሉም» አለ። የኋላ ቀኙ ዝም ብሏል። ልሳነወርቅ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ኢንጂነር፣ ጎማዎቹ ተነፈሱ።»

«አስሞላቸው።»

«አይደለም። ማለቴ፣ ተነፈሱ።»

«ሰማሁህ እኮ። ሸምሱ ጋ ውሰድና አስሞላቸው።»

ልሳነወርቅ ሌላ ቃል ፈለገ። ሰው አየር ሲያስገባና ሲያስወጣ ተነፈሰ ይባላል። ጎማ ሲጎድልም ተነፈሰ ይባላል። አፉን ይዞ የኖረ ሰው የያዘውን ሲያወጣም ተነፈሰ ይባላል። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ችግር ሆኖበት አያውቅም ነበር። «እሺ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ሸምሱ ጎሚስታ ነው። ከድልድዩ ሥር በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል ፊት ለፊት ኮምፕረሰሩን አስቀምጦ ይሠራል፤ ከአጠገቡ የታክሲ ሰልፍ አለ። መኪናው ሲቆም ጆሮውን ወደ ጎማው አስጠጋ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ይናገራል።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ሸምሱ የሳሙና ውሃ አፈሰሰበት። ቀዳዳ የሚፈለገው እንደዚያ ነው፤ ንፋስ የሚወጣበት ቦታ አረፋ ይሠራል። ከጎማው ጎን አምስት ስድስት አረፋዎች ወጡ። አንዱ ሲፈነዳ «ለምን» አለ። ሌላው ሲፈነዳ «ምን አደረገች» አለ። የቀሩት በጣም ትንንሽ ስለነበሩ አልተሰሙም።

«መላጣ ሆኗል» አለ ሸምሱ ጣቱን በጎማው ላይ እየሳበ። «ጥርስ የሚባል የለውም። ደግሞ የቤንዚን መኪና ጎማ ነው። ማነው ይሄን ያደረገላችሁ?»

«ኢንጂነር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሲያልቁ ከድሮ መኪናቸው አውልቀው ለእድሩ ለገሱ።»

«ተጨበጨበላቸው?»

«ተጨበጨበላቸው።»

«የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ነው ጋሼ። የቤንዚኑ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ይሄ ግን ገና እግርህን ስታሳርፍ ያለ የሌለ ጉልበቱን ጎማው ላይ ይጥለዋል። እንዲህ ያለ ጎማ አይችለውም። ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ…» ሸምሱ ቀጥሎ የሚመጣውን አሰበ። «ይናገራል ማለት ነው።»

ቀዳዳውን ደፈነ፣ ንፋስ ሞላ፣ አዲስ ጎማ እንዲገዙ መክሮ ሸኘው።

መኪናው የከበደው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ልሳነወርቅ ቀኑን ያውቀዋል።

የዚያን ማክሰኞ እታፈራሁ ሞተች። እታፈራሁ ከእድሩ አዳራሽ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል፣ ከአባቷ ከአባባ ዘለቀ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከራይታ ኖራለች። የእድሩ አባል አልነበረችም። ተከራይ መቼ እንደሚለቅ ስለማይታወቅ አባል አይሆንም ተብሎ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት በሰፈሩ ሰው ሞቶ እታፈራሁ ያልመጣችበት ድንኳን የለም። ሰማያዊ ሳፋዋን ይዛ ትመጣለች፤ ከድንኳኑ ጀርባ ትቀመጣለች፤ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች። ሦስት ቀን ታጥባለች። ለቀስተኛው ሲበተን ሳፋዋን ደፍታ ይዛ ትመለሳለች። በዚያን ጊዜ ተከራይ መሆኗን ያነሳ ሰው አልነበረም።

የሞተች ቀን ልሳነወርቅ ማንም ሳያዘው ድንኳኑን ጭኖ በሯ ላይ አቆመ። ኢንጂነር አምደመስቀል መጡና የመኪናውን መስታወት በቀለበታቸው ሁለት ጊዜ መቱት።

«ማን አዘዘህ?»

ልሳነወርቅ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባል ናት?»

ዓይኑ ቁልፉ ላይ አረፈ።

«መልስና አውርድ።»

መለሰና አወረደ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ለቀስተኛው ግድግዳ ታክኮ ቆመ። አባባ ዘለቀ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ጥቁር ጃንጥላ ዘረጉ። ድንኳኑ በእድሩ መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ድንኳኑ አልረጠበም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልሳነወርቅ ሲገባበት መኪናው ዝቅ ይላል። አንዴ ቻርጅ ሲደረግ አራት ቀን ይሠራ የነበረው ሁለት ቀን አይሞላም። አባባ ዘለቀም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃንጥላቸውን አላጠፉም። በፀሐይም ዘርግተውት በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው አያይም። መኪናው ድምፅ ባይኖረውም ሲመጣ ከመሬቱ ንዝረት ያውቁታል። ረቡዕ ከሸምሱ ሲመለስ እጃቸውን አነሱ።

«ልሳኑ።»

«አቤት አባባ።»

«እኔ ስሞትስ ይተከላል?»

ይህን ሲጠይቁ አሥራ አራተኛ ጊዜያቸው ነው።

«እሺ» አለ ልሳነወርቅ።

«እሺ መልስ አይደለም ልጄ» አሉ አባባ ዘለቀ። አልተቆጡም። «ለኔ ብዬ እንዳይመስልህ። እኔማ አልረጥብም። የሚመጣው ሰው እንዳይረጥብ ነው።»

ሐሙስ ኢንጂነር አምደመስቀል የጠቅላላ ጉባኤውን ዝግጅት ለማየት ወደ መጋዘኑ መጡ። ጉባኤው ቅዳሜ ነው፤ አጀንዳውም አንድ ነው። ተከራይን የሚከለክለው ልማድ የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ሰባት ሆኖ ይጻፋል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ በኋላ ለአባባ ዘለቀ ድንኳን ለመትከል የሚያስብ ሾፌር ደንብ ይጥሳል ማለት ነው።

ኢንጂነር በመኪናው አጠገብ ሲያልፉ የኋላ ግራው ጎማ «ደንብ ከሚጽፉ አንዲት ብርጭቆ ቢያጥቡ ምናለ» አለ።

ቆሙ። ጎማ መናገሩ አላስገረማቸውም።

«ይሄ ነው የተነፈሰው?»

«አዎ ኢንጂነር።»

«ሥነ ሥርዓት የለውም።»

«አዎ ኢንጂነር።»

«የማን ድምፅ ነው?»

ልሳነወርቅ የጫማውን ጫፍ አየ። «አላወቅሁትም» አለ።

«የሱ ነው» አለ ጎማው።

ኢንጂነር በዱላቸው ጎማውን ነካ አደረጉት። «ልሳነወርቅን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ» አሉት ጎማውን። «አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተነፈሰም። እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን አታጥፋ።»

ከዚያ የልሳነወርቅን ትከሻ መታ መታ አድርገው ሄዱ። ልሳነወርቅ ትከሻውን ይዞ ቆሞ ቀረ። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተሰድቧል። እንደዚህ የተሰደበበት ቀን ግን ትዝ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰው። ለጠቅላላ ጉባኤው ክብር ሲባል አራት ዝምተኛ ጎማ ከመርካቶ ተገዝቶ እንዲገጠም፣ አሮጌዎቹም እንዲወልቁ ይላል። «ዝምተኛ» የሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ጎማ ተራ ውስጥ ጎማው እንደ ግንብ ስለተደራረበ ሰው የሚሄደው በጎኑ ነው። ዘቢባ የምትባል ነጋዴ ደብዳቤውን አንብባ መለሰችለትና በቀጥታ ወደ መኪናው ወጣች።

«እዚህ ጎኑ ላይ ቁጥር አለ፤ አየኸው? ዘጠና ሰባት ይላል። በጎማ ቋንቋ ያ ማለት አንዱ ጎማ የሚችለው ሰባት መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው። አራቱን ደምረው። ከሃያ ዘጠኝ ኩንታል ካለፍክ ጎማውን እየበደልከው ነው። መኪናህ ስንት ይመዝናል?»

አላወቀም። ከሱቁ ፊት ለፊት ብረታ ብረት የሚገዙ ሰዎች የመኪና ሚዛን ነበራቸው። መኪናው ባዶውን ወጣበት፤ ሃያ ስድስት ኩንታል ሆነ። ልሳነወርቅ ገብቶ ሲቀመጥ ሠላሳ አንድ ኩንታል ሆነ። ሚዛን ያዡ «ውረድ» አለው፤ ሃያ ስድስት። «ግባ» አለው፤ ሠላሳ አንድ። ይህን ስድስት ጊዜ ካደረጉ በኋላ ሚዛን ያዡ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

የእግረኛ መንገድ ላይ የሰው ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ሴትዮ ነበሩ። ልሳነወርቅ ጫማውን አውልቆ ወጣ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ።

«አራት መቶ አርባ ሁለት ኪሎ የት ገባ ታዲያ?» አለች ዘቢባ በጣቷ አስልታ። «ምን ይዘህ ነው የምትሄደው ወንድሜ?»

«ምንም።»

«ምንም ይሄን ያህል አይመዝንም» አለች። ያየችው ነገር ስለሆነ ክርክር አልጨመረችበትም። ሁለት ዓይነት ጎማ አውጥታ እያንከባለለች ፊቱ አቆመች። «ሁለቱም መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። አንዱ ጎማ አሥራ አንድ ኩንታል ከሃያ ኪሎ ይችላል። ይሄኛው ጠንካራ ነው፤ ግን አስፋልት ላይ ያጉረመርማል። ያኛውም ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ዙሪያውን ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ድምፅ ይውጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ስለማይሰማ የጎማው ድምፅ ብቻውን ይቀርና ሰውን ይረብሸዋል፤ ለዚያ ብለው ነው የሠሩት።»

«የዋጠውን የት ያደርገዋል?»

«ማን?»

«ስፖንጁ።»

ዘቢባ አሰበች። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድ የገዛኝ ሰው አንድ ቀን ደውሎ ነበር። ሃሎ ሃሎ አልኩት። መስመሩ ላይ እንዳለ ያስታውቃል፤ ግን ምንም አይሰማም።»

ልሳነወርቅ ወደ ስፖንጁ ጎንበስ ብሎ ስሙን ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታወቀው። ስሙ ግን ለራሱ ጆሮ እንኳ አልደረሰም።

«የትኛውን ላስጭንልህ?»

እጁ ወደሚያጉረመርመው ሄደ። እዚያው አየር ላይ ቆመ። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ማኅተሙ በሸሚዙ ውስጥ አልፎ ደረቱን የነካው መሰለው። ይሄ ሁሉ ጎማ ተደርድሮ ሳለ፣ የሚሸከመውም የሚነዳውም እሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚመርጠው ሌላ ሰው መሆኑ ጆሮው ድረስ አቃጠለው።

«ዝምተኛውን» አለ።

አርብ ከሰዓት ሸምሱ የፊት ግራውን በክሪክ አነሳ፤ ቡሎኖቹን ፈታ፤ የንፋስ ማስገቢያውን ክዳን ነቅሎ መሃሉ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በመፍቻ አላላት። ጎማ ሳይተነፍስ ከቸርኬው አይወልቅም። ሥራው እንደዚህ ነው።

ጎማው ተነፈሰ። «ድንኳኑን የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ያወረድኩትም እኔ ነኝ» አለ ጥርት ባለ ድምፅ። «ሲሉኝ ማውረድ አልነበረብኝም። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ አላወርድም፣ ከፈለጉ እርስዎ ያውርዱ ማለት ነበረብኝ።»

የታክሲው ሰልፍ ዘወር አለ። «እውነቱን ነው» አለች አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት። ከዚያ ታክሲ መጣና ሁሉም ተሳፈረ።

ጎማው ተሟጠጠ። ሸምሱ አዲሱን ከነስፖንጁ ገጠመ። ልሳነወርቅ ጎማው ያለውን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልቻለም። ስለ ድንኳን የሆነ ነገር ነበር። ነገሩ የነበረበት ቦታ ጭንቅላቱ ውስጥ ለስልሶ ቀርቷል።

«ምን አለ አሁን?»

«እኔ ጎማ ነው የማየው ጋሼ። አላዳመጥኩትም።»

«ለማን ነው የተናገረው?»

ሸምሱ ዙሪያውን ተመለከተ። «ለታክሲ ሰልፍ።»

«ሰልፉስ?»

«ሄደ።»

ልሳነወርቅ ባዶውን የሰልፍ ቦታ አየ። ሦስት ሳምንት የተሸከመውን፣ ሚስቱ እንኳ ያልሰማችውን፣ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሰምቶት፣ እውነቱን ነው ብሎለት፣ ታክሲ ተሳፍሮ ሄደ። ሸምሱ ክሪኩን ወደ ፊት ቀኙ ጎማ ገፋው።

«አቁም» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁለቱም ጎማውን አዩት። ጎማው ዝም ብሏል።

«እኔ ነኝ» አለ ልሳነወርቅ። «አቁም። የቀሩትን አትንካቸው።»

«ሳይተነፍሱ አይወልቁም እኮ።»

«ይተነፍሳሉ። እዚህ አይደለም።»

«የት ነው ታዲያ?»

«ነገ፣ ጉባኤው ላይ።»

ሸምሱ ትንሿን የቫልቭ መፍቻ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠው። «ወደ ግራ ነው የምታዞረው» አለ። ከዚያ ኮምፕረሰሩን እያጠፋ «እኔም ተከራይ ነኝ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በአባባ ዘለቀ በር ሲያልፍ እጃቸው ተነሳ።

«ልሳኑ፣ እኔ ስሞትስ ይተከላል?»

አሥራ ሰባተኛ ጊዜ ነበር። ልሳነወርቅ እሺ አላለም። «ዛሬ እነግርዎታለሁ» አለ።

ጉባኤው በአዳራሹ ግቢ ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። አግዳሚ ወንበሮቹ ከመኪናው ወርደው መቶ አርባ አባላት ተቀመጡባቸው። ከወንበሮቹ ሥር የነበረው ድንኳንና ምሰሶው ሳይወርድ መኪናው ላይ ቀረ። ኢንጂነር አምደመስቀል ጎማዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ።

«አንዱ ብቻ ነው አዲስ?»

«ጊዜ አጠረ ኢንጂነር። እዚሁ እጨርሳለሁ።»

ጸሐፊው ተነስቶ አነበበ። «አንቀጽ ሰባት። ተከራይ፣ ደባልና የደባል ዘመድ በእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና መኪና አይገለገልም።»

«የሚቃወም አለ?» አሉ ኢንጂነር።

መቶ አርባ ሰው መሬት መሬቱን አየ። አንዱ ሳለና ሳሉን ራሱ አቋረጠው።

«እንግዲህ የሚተነፍስ ከሌለ በሙሉ ድምፅ…»

«አለ» አለ ልሳነወርቅ።

«አንተ ሾፌር ነህ። በጉባኤ አትናገርም።»

«አልናገርም ኢንጂነር። ጎማ ላወልቅ ነው። ደብዳቤው ይወለቅ ይላል። ሳይተነፍስ ደግሞ አይወልቅም።»

ኢንጂነር ደብዳቤውን አስመጥተው አዩት። ይወለቅ ይላል። ፊርማው የራሳቸው ነበር።

ልሳነወርቅ በፊት ቀኙ ጎማ ፊት ተንበረከከና መፍቻውን ወደ ግራ አዞረው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብርጭቋችንን አጠበች» አለ ጎማው። «ስታጥብ ተከራይ ናት ያላት የለም። እጇ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ከኛ ጋር ነበረች። ስትሞት ነው ተከራይ የሆነችው።»

መኪናው በፊት ቀኙ ቸርኬ ላይ ቁጭ አለ። ልሳነወርቅ ወደ ኋላ ግራው ሄደ።

«ድንኳኑ አልረጠበም» አለ የኋላ ግራው። «በእጄ አጣጥፌ ስላስቀመጥኩት አውቃለሁ። ደረቅ ነበር። ሰዎቹ ግድግዳ ታክከው ቆመው ነበር። አባባ ዘለቀ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠየቁኝ። አሥራ ስድስት ጊዜ እሺ አልኳቸው።»

ንፋሱ ሲያልቅ ነገሩ ከልሳነወርቅ ጭንቅላት ወጣ። ስለዚህ ልክ እንደሌላው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማው ሰው ሰማው። ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ መቶ አርባውን ሰው ተመለከተ።

«ይሄ የተደረገው እዚህ ሰፈር ነው?» አለ።

ልሳነወርቅ እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ አያውቅም። ወደ ኋላ ቀኙ ጎማ ሄደ። ይህ ጎማ እስከዚያ ሰዓት አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር። መፍቻውን አዞረው።

የወጣው ድምፅ የሱ አልነበረም።

«ቀብሯ ላይ ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ፤ ሥራ አልነበረኝም» አለ የአንዲት ሴት ድምፅ። በሦስተኛው ወንበር የተቀመጡ ወይዘሮ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ባሌ የሞተ ጊዜ አብራኝ ያደረችው እሷ ናት» አለ ሌላ ድምፅ። «ስሟን እስክትሞት አላውቀውም ነበር፤ ባለ ሳፋዋ ነበር የምላት» አለ ሌላ። ሰው ሁሉ የየራሱን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር፤ ስሙ በመዝገብ እንደተጠራ ሰው። በመጨረሻ ንፋሱ ሊያልቅ ሲል ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ወጣ። «መልስና አውርድ ስለው ደመናውን አይቼው ነበር» አለ።

የኢንጂነር ድምፅ ነበር።

ኢንጂነር አምደመስቀል ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ይሄ አይያዝ።»

«ይዤዋለሁ ኢንጂነር» አለ ጸሐፊው። «በሙሉ ድምፅ።»

መኪናው በሦስት ቸርኬው መሬት ነክቶ በአንድ ዝምተኛ ጎማ ብቻ ቆሞ ነበር። ኢንጂነር ማኅተሙን ከጠረጴዛው አነሱት፤ ወረቀቱ ላይ አላሳረፉትም። ኪሳቸው ከተቱትና ጉባኤው በጎማ ብልሽት ምክንያት መቋረጡን አስታወቁ። እሳቸው ለመውጣት ሲነሱ ግን አብሯቸው የተነሳ ሰው አልነበረም። ሁሉም መኪናውን ያይ ነበር።

ከጎማዎቹ የወጣው ንፋስ አልተበተነም። በመኪናው ወለል ላይ ተሰብስቦ በተጣጠፈው ሸራ ሥር ይገባ ነበር። ሸራው አንድ ጊዜ እብጥ አለ። ተመልሶ ሟሸሸ። እንደገና እብጥ አለ፤ እጥፉ ተፈታ፤ ከመኪናው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከሰዎቹ ራስ በላይ አለፈ። በአጥሩ በላይ አለፈ። ሠላሳ እርምጃ ሄዶ በአባባ ዘለቀ በር ላይ አረፈና ቆመ። ምሰሶው አሁንም መኪናው ላይ ነው። ካስማ የመታ የለም።

ልሳነወርቅ ተከትሎት ሄደ። ሌሎቹም ከኋላው መጡ፤ ኢንጂነር መጨረሻ ላይ ነበሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አባባ ዘለቀ በቢራ ሳጥናቸው ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ አዙረው ነበር።

«ልሳኑ፣ ተተከለ?»

«ተተከለ አባባ።»

«ማን ሞተ?»

ልሳነወርቅ ዞር ብሎ ሰዉን በዓይኑ ፈተሸ። ከአባላቱ የጎደለ አልነበረም። ሸምሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከዳር ቆሟል።

«አላውቅም» አለ። ከ«እሺ» ይልቅ ይህ እውነት ነበር።

የድንኳኑ ሸራ ወደ ውስጥ ገባ። ወደ ውጭ ወጣ። ወደ ውስጥ ገባ። ከጀርባው በኩል፣ ማንም ካልሄደበት በኩል፣ የሻይ ብርጭቆ በሳፋ ውሃ ውስጥ ሲጋጭ ይሰማ ነበር፤ አንዱ ታጥቦ ይደፋል፣ ሌላው ይነሳል። አባባ ዘለቀ ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ጃንጥላቸውን አጥፈው በክንዳቸው ሥር ያዙና፣ የሸራውን በር በእጃቸው ዳብሰው ገቡ። ሸራው ከኋላቸው ተዘጋ። ወደ ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቆየ፤ ግቢ ሙሉ ሰው ሸራው እንደገና ወደ ውጭ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር።